በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፦ የመጀመሪያው ተውኔት ደራሲ እና የመንግሥት ባለሥልጣን

በኢትዮጵያ ዘመናዊ አስተዳደር ለመመሥረት በተደረገው ረጅም ጥረት ውስጥ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ሰዎች መካከል በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አንዱ ናቸው። በወታደርነት፣ በአገረ ገዥነት፣ በገንዘብ ሚኒስትርነት፣ በሕግ አርቃቂነትና በዲፕሎማትነት አገራቸውን አገልግለዋል። ከእነዚህ ሁሉ ኃላፊነቶች ጎን ለጎን ደግሞ በአማርኛ ቋንቋ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት ጽፈው ለመድረክ ያበቁ ደራሲ ናቸው። ተውኔቱ "ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ" ይባላል። ይህ ሥራ መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ታግዷል፤ ቅጂዎቹም እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። የደራሲው የሕይወት ታሪክ ከዚህ ክልከላ ጋር አብሮ ሲታይ፣ በመንግሥት ሥራ ውስጥ ሆኖ የመንግሥትን ሥራ መንቀፍ ምን ያህል ከባድ እንደነበር በግልጽ ያስረዳል።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተጉዘው በልዑል ራስ መኰንን ግቢ አደጉ። ሐረር በዚያን ጊዜ ከባሕር ወደብ የሚመጣው ዕቃና የውጭ አገር ሰው የሚገባባት፣ ወሬውም ሸቀጡም ከሌላው አካባቢ ቀድሞ የሚደርስባት ከተማ ነበረች። ታዳጊው ተክለ ሐዋርያት የውጭውን ዓለም በመጀመሪያ ያወቁት በዚያ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘውን ድል ራስ መኰንንን ተከትለው በዘመቱበት ወቅት ለመመልከት በቅተዋል። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት የዘለለ አልነበረም።

ከድሉ በኋላ የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠ ዕድል ገጠማቸው። በወቅቱ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ዘንድ ተቀባይነት ከነበረው ሩሲያዊ ኒኮላይ ሌዎንትዬቭ ጋር ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተላኩ። በዚያም በአንድ የሩሲያ መኰንን ቤተሰብ ውስጥ እንደ ልጅ ተቆጥረው አደጉ፤ ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻቸው ተማሩ፤ በመጨረሻም በሴንት ፒተርስበርግ በታወቀው የሚካኤል የመድፈኛ ትምህርት ቤት የጦር ትምህርት ተከታተሉ። በሩሲያ የቆዩት ከአሥር ዓመት በላይ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሩሲያ የታላላቅ ደራስያንና የታላላቅ ቴአትር ቤቶች አገር ስለነበረች፣ ወጣቱ መኰንን ከመድፍ ስሌት ጋር የመድረክንም ጥበብ የማወቅ አጋጣሚ አግኝተዋል። በ1905 እ.ኤ.አ. የተነሣውን የሩሲያ ሕዝባዊ ዐመፅም በዚያው ሳሉ ታዝበዋል። ጊዜውን ያልቀደመ መንግሥት በጊዜው እንደሚቀደም ያስተማራቸው ይኸው ነው ለማለት ይቻላል።

ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በሕመም ተዳክመው ነበር። ቤተ መንግሥቱ በሥልጣን ሽኩቻ ተይዞ ስለነበር በውጭ አገር የተማረ ሰው ዕውቀቱን በሥራ ላይ የሚያውልበት መንገድ ጠባብ ነበር። ተክለ ሐዋርያት እንደገና ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሄደው የእርሻ ትምህርት አጠኑ። መድፈኛ መኰንን ሆነው ሳለ እርሻን መምረጣቸው የአስተሳሰባቸውን አቅጣጫ ያመለክታል። የአገር ኃይል በጦር መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በምርትና በሥርዓት ባለው አስተዳደር እንደሚጸና ያምኑ ነበርና።

ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ በማዘጋጃ ቤት ሥራ ተሰማሩ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ባስወገደው እንቅስቃሴ ውስጥም ዋነኛ ተሳታፊ ከነበሩት አንዱ ናቸው። በዚያ ለውጥ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ተቀመጡ፤ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው የቆየው ሥርዓት እንዳይነካ የሚሻ መኳንንት፣ ሁለተኛው ደግሞ በአልጋ ወራሹ ዙሪያ የተሰበሰበና አገሪቱ በፍጥነት እንድትሠለጥን የሚሻ የተማረ ወገን ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከሁለተኛው ወገን ይቆጠራሉ። በዘመኑ የጃፓንን ፈጣን ዕድገት እንደ አርአያ ከሚያዩት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጋርም ስማቸው ይነሣል።

የመጀመሪያው ተውኔት የተጻፈው በዚህ ዘመን ነው። የቴአትር ታሪክ ተመራማሪዎች ስለ ዓመቱ የሚሰጡት አስተያየት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ወደ ልጅ ኢያሱ ዘመን ሲያስጠጉት ሌሎች ደግሞ በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያደርጉታል። የተውኔቱ መነሻ ምክንያት ግን በግልጽ የታወቀ ነው። ደራሲው ቴአትር ይታያል ተብለው ከመኳንንቱ ጋር በአንድ አዳራሽ በተጋበዙ ጊዜ ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ነበር። ዘፈንና ጭፈራው በራሱ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ታሪክ ያለው፣ ሰዎች በንግግር የሚመላለሱበትና ተመልካቹን የሚያስተምር ነገር አልነበረበትም። በአውሮፓ ያዩት ቴአትር ከዚህ የተለየ እንደሆነ ባስረዱ ጊዜ፣ እርሳቸው ራሳቸው እንዲህ ያለውን ጽፈው እንዲያሳዩ ተጠየቁ። በዚህ መነሻነት "ፋቡላ" ተጻፈ።

ደራሲው ለሥራቸው የመረጡት የእንስሳትን ተረት ነው። ለዚህም ከፈረንሳዊው ባለ ተረት ዣን ደ ላ ፎንቴን ሥራዎች ተጠቅመዋል። ላ ፎንቴን ከ1621 እስከ 1695 እ.ኤ.አ. የኖረ ሲሆን፣ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን የቤተ መንግሥትን ግብዝነት በአንበሳ፣ በቀበሮና በአህያ አፍ የተናገረ ነው። በሩሲያም ኢቫን ክሪሎቭ ይህንኑ ጥበብ ተከትሎ የጻፋቸውን ተረቶች እያንዳንዱ የሩሲያ ተማሪ ያጠናቸው ነበር። በሩሲያ ያደጉት ተክለ ሐዋርያት ለዚህ ጥበብ እንግዳ አልነበሩም።

የእንስሳት ተረት ጉልበቱ ከምን እንደሚመነጭ ለመረዳት ከላ ፎንቴን ተረቶች አንዱን መመልከት ይበቃል። አውሬዎች ሁሉ በወረርሽኝ ያልቃሉ። ንጉሡ አንበሳ ሸንጎ ሰብስቦ፣ መቅሠፍቱ የመጣው በኃጢአታችን ነውና እያንዳንዳችን እንናዘዝ፣ ከሁሉ የበደለው ይሠዋ ይላል። ራሱም ብዙ በጎችን፣ አንዳንድ ጊዜም እረኛውን መብላቱን ይናዘዛል። ቀበሮ ቶሎ ተነሥታ የንጉሡን በደል ክብር አድርጋ ታቀርበዋለች። ነብሩም ድቡም በዚሁ መንገድ ነጻ ይወጣሉ። በመጨረሻ ምስኪኗ አህያ በገዳም መስክ ስታልፍ አንድ ጉርሻ ሣር መንጨቷን ትናገራለች። ሸንጎው በአንድ ድምፅ ይፈርድባታል። ተረቱ የማንንም ሰው ስም አይጠራም። ይሁን እንጂ በማንኛውም ዘመን በችሎት ተቀምጦ ለባለጉልበት ያደላ ዳኛ ሲሰማው ራሱን ማየቱ አይቀርም።

"ፋቡላ" የቀረበው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ነበር። ተመልካቾቹ መኳንንት፣ ባለሥልጣናትና በከተማዋ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ቢሆኑም፣ ንግግራቸው የሚነካው የአስተዳደሩን ኋላ ቀርነት፣ የሹማምንቱን ስንፍናና ጉቦኝነት፣ የፍርድን መጓደል ነበር። ባለሥልጣናቱ ተውኔቱ የተጻፈው ስለ እነርሱ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ጉዳዩ ለንግሥት ዘውዲቱ ቀርቦ ተውኔቱ ዳግመኛ እንዳይታይ ታገደ። የታተሙት ቅጂዎችም እንዲሰበሰቡ ትእዛዝ ተሰጠ። ክልከላው በዚህ አንድ ሥራ ላይ ብቻ ሳይወሰን የቴአትርን እንቅስቃሴ በጠቅላላ ስለገታው፣ የአማርኛ ቴአትር እንደገና ያንሠራራው በ1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መድፋት ወዲህ፣ ዮፍታሔ ንጉሤንና መላኩ በጎሰውን በመሰሉ ደራስያን ሥራዎች ነው።

በዚሁ ዘመን በሌላው ዓለም የመድረክ ተውኔቶችን ወደ ድምፅ አልባ ፊልም መለወጥ የተለመደ ሥራ ሆኖ ነበር። አብዛኞቹ ግን ዛሬ የሉም። በአሜሪካ በድምፅ አልባው ዘመን ከተሠሩት 11 ሺህ የሚጠጉ ረጃጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ ይዘታቸው ተሟልተው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጥናት አመልክቷል። የሩሲያውን ንጉሠ ነገሥት የቀዳማዊ ጳውሎስን አወዳደቅ የሚተርከው፣ ከመድረክ ተውኔት ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1928 በኤርነስት ሉቢች የተዘጋጀው "ፓትሪዮት" የተባለው ፊልም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ፊልሙ በድርሰቱ የኦስካር ሽልማት ያገኘ ቢሆንም ዛሬ የቀሩት ቁርጥራጮቹ ብቻ ናቸው። እነዚያ ፊልሞች የጠፉት ጥሬ ዕቃው በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ በመሆኑና ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላ ዋጋ የላቸውም ተብለው በመጣላቸው ነው። የአዲስ አበባው ተውኔት ግን በቸልተኝነት ሳይሆን በትእዛዝ ከመድረክ የወረደ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ሕዝብ ሲኒማ ቤትን የሰይጣን ቤት ብሎ ይጠራው ስለነበር፣ ለአዲስ ጥበብ የነበረው ጥርጣሬ በመኳንንቱ ዘንድ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑንም መገንዘብ ይገባል።

ክልከላው ደራሲውን ከመንግሥት ሥራ አላስወጣቸውም። እርሳቸውም አኩርፈው አልራቁም። በመድረክ የነቀፉትን አስተዳደር በተሾሙበት ስፍራ ሁሉ በተግባር ለማሻሻል ሞከሩ። በጅጅጋ አስተዳዳሪ በነበሩ ጊዜ ከተማዋ በቀጥተኛ ጎዳናዎች ተከፋፍላ በፕላን እንድትመሠረት አድርገዋል። በኋላም የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ የተባለችውንና ዛሬ ጭሮ በመባል የምትታወቀውን ከተማ ቆረቆሩ። ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች የአስተዳደር አርአያ እንድትሆን የታሰበች ነበረች።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው በጅሮንድ የሚለውን ማዕረግ አገኙ። ይህ ኃላፊነት ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን የአገሪቱ የውጭ ንግድ የሚተላለፈው በተለይ በሁለት በሮች ነበር። አንደኛው በምሥራቅ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በምዕራብ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኘው ጋምቤላ ነበረች። ጋምቤላ በ1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል መሠረት የንግድ ጣቢያ የሆነች ሲሆን፣ ባሮ በክረምት በሚሞላበት ወራት ከሱዳን የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች የምዕራቡን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የአገሪቱ ገቢ በአብዛኛው በጉምሩክ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ የግምጃ ቤቱ ሥራ ከነዚህ ሩቅ በሮች ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነበር።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በታሪክ ይበልጥ የሚታወቁበት ሥራ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን ይህን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። 55 አንቀጾች የነበሩት ይህ ሕግ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ምሳሌ በማድረግ ነበር። ሕጉ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የሚያጸና ሆኖ ሳለ፣ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን በመመሥረት ለአገሪቱ የመጀመሪያውን ፓርላማ አስገኝቷል። መኳንንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በግቢ ግብር ላይ ሳይሆን በተጻፈ ሕግ በተቋቋመ ምክር ቤት ተቀምጠው በአገር ጉዳይ እንዲነጋገሩ ሆነ። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ በተረት መልክ ሹማምንትን ወደ ሥርዓት ለመጥራት የሞከሩት ሰው፣ በዚህ ጊዜ ያንኑ ጥሪ በሕግ ቋንቋ አቀረቡ ማለት ነው። ተውኔቱ ያስቆጣው መንግሥት ሕጉን በክብር ተቀበለው።

ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው በፓሪስ፣ በለንደንና በጄኔቫ አገራቸውን ወከሉ። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ የኢትዮጵያን አቤቱታ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ካቀረቡት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ላ ፎንቴን በተረቱ የሣለው ሸንጎ በጄኔቫ በእውን ተሰብስቦ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማኅበሩ የወራሪውን በደል እያወቀ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሳይሰጥ ቀረ፤ ኢጣሊያም በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራዋን ጀመረች።

ጦርነቱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በአገር ውስጥ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ መውጣታቸውን ካልደገፉት ባለሥልጣናት መካከል ይቆጠራሉ። በዚያን ጊዜ መንግሥቱ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጎሬ ሆኖ ትግሉን እንዲቀጥል ታስቦ ነበር። በእርግጥም ከንጉሠ ነገሥቱ መሄድ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ስም ለጥቂት ወራት የቆየው በጎሬ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በምሥራቅ በኩል ከአገር ወጡ። የስደት ሕይወታቸውም በጅቡቲና በኤደን አልፎ ወደ ማዳጋስካር ደሴት ወሰዳቸው።

ስደቱ ረጅም ነበር። ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነጻነቷን ብታገኝም እርሳቸው ቶሎ አልተመለሱም። በማዳጋስካር ከመንግሥት ሥራ ርቀው በወጣትነታቸው በተማሩት የእርሻ ሥራ ኖሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ሲገቡም ወደ ቤተ መንግሥት ሥልጣን አልተመለሱም። ኑሯቸውን ቀድሞ ባስተዳደሩት በጨርጨር፣ በሒርና አካባቢ አድርገው መሬታቸውን ሲያርሱና ትዝታቸውን ሲጽፉ ኖሩ። በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ የቴአትር ጥበብ ሥር ሰድዶ ነበር። የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሥራውን ቀጥሏል፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤትም በ1948 ዓ.ም. ተከፍቷል። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም "አርአያ" የተባለውን ልብ ወለድና "ቴዎድሮስ" የተባለውን ተውኔት በመጻፍ የአባታቸውን ፈለግ ተከትለዋል። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ "ሂሩት አባቷ ማን ነው" የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም ለሕዝብ ታየ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ በሆነ ዕድሜያቸው አረፉ። በሕይወት ዘመናቸው ከዐድዋ ድል እስከ ንጉሣዊው ሥርዓት ፍጻሜ ያለውን ታሪክ ተመልክተዋል። የጻፉት የሕይወት ታሪክም ከሞታቸው ብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባብያን ደርሷል። መጽሐፉ የአንድ ሰው ትዝታ ብቻ ሳይሆን የዘመኑን የመንግሥት አሠራር ከውስጥ የሚያሳይ ሰነድ በመሆኑ ለተመራማሪዎች ትልቅ ጥቅም ይሰጣል።

"ፋቡላ"ም ቢሆን ፈጽሞ አልጠፋም። መድረክ ላይ የታየው ትርኢት ከዚያ ምሽት ጋር ያለፈ ቢሆንም፣ ከተሰበሰቡት ቅጂዎች ያመለጠው ጽሑፍ የቴአትር ታሪክ አጥኚዎች ዘንድ ደርሶ ጥናት ተሠርቶበታል። ዛሬ በአገሪቱ ስለ ተውኔት ታሪክ የሚናገር ማንኛውም ትምህርት የሚጀምረው በዚሁ ሥራ ነው። ትእዛዙን ያስተላለፉት ሹማምንት ስም በአብዛኛው ሲረሳ የታገደው ሥራ ስም መቅረቱ፣ በጽሑፍ የተያዘ ነገር ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያመለክታል።

የእንስሳት ተረት የአንድ አካባቢ ሀብት አይደለም። በባሮ ዳር በአኙዋክና በኑዌር ሽማግሌዎች ዘንድ፣ በሸዋ ገበሬ ምድጃ ዙሪያ፣ በጅጅጋ ሜዳ በአርብቶ አደሩ መንደር ልጆች የሚያድጉት እንዲህ ያለውን ተረት እየሰሙ ነው። በእነዚህ ተረቶች ውስጥ ጉልበተኛው ይነቀፋል፤ ተንኮለኛው ይጋለጣል፤ የተበደለው ይታዘንለታል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያደረጉት ይህን ሕዝቡ የሚያውቀውን የምክር መንገድ ወደ መድረክ ማውጣት ነበር። በፊት ወንበር የተቀመጡት ሹማምንት የቀረበላቸውን ምክር እንደ ስድብ ቆጠሩት።

ከጋምቤላ እስከ ጅጅጋ በየደረጃው ባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕዝብን የሚያገለግል ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት አለ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የተነቀፈው አስተዳደር አካል ሆነው ነቀፉት፤ ሲታገዱም ሥራቸውን ትተው አልሄዱም፤ ያመኑበትን በከተማ ፕላን፣ በአውራጃ አስተዳደርና በሕገ መንግሥት አንቀጽ ለመፈጸም ጣሩ። ተውኔቱን ያገዱት ሹማምንት በበኩላቸው አንድ ምሽት ብቻ ራሳቸውን በመስተዋት ተመልክተው መስተዋቱን ሰወሩ። በመድረኩ የተነቀፉት ጉዳዮች ማለትም ጉቦ፣ የፍርድ መጓደልና የሥራ መጓተት ግን በክልከላው አልተወገዱም። ለእነዚህ ችግሮች መፍትሔ መፈለግ የተጀመረው ነቀፌታውን ሰምተው ወደ ሥራ በለወጡት ሰዎች ጥረት እንደነበር የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክ ያስገነዝባል።